የሞተ ፍሪጅ ከመፈታቱ በፊት

የጎረቤታችን የእማማ ፍሪጅ ሞተሩ ከተቃጠለ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ሽሮና በርበሬ ማስቀመጫ አድርገውት ቆዩና አንድ እሑድ ጠዋት በራቸው ላይ ለጮኸ ቆራሌ ሸጡት። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልጁ ፍሪጁን ግቢው መሃል በፊቱ ደፍቶ የሞተሩን ብሎኖች በፌሮ ይቀጠቅጣል። ዝገው ስለነበር እሺ አላሉትም። ትቷቸው ወደ ሞተሩ የምትገባዋን ቀጭን የመዳብ ቧንቧ በፒንሳ ይዞ ጠመዘዛት። ፍሽሽ አለ። ፊቱን አዙሮ ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀና ሥራውን ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩን፣ ከኋላ ያለውን ፍርግርግና ሽቦውን በማዳበሪያ ከትቶ ወጣ። ለእማማ የቀረላቸው የተፈነከተ ሳጥን፣ ነፋስ የሚያንከባልለው ቢጫ ፎምና መሬት ላይ የተደፋ ዘይት ነው።

ልጁን ለመቆጣት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እኔም ለዓመታት የሠራሁት ይህንኑ ነበር።

ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ጠጋኝ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት በ1998 ዓ.ም. ኮልፌ ውስጥ፣ አንድ ሰው ቆሞ ሌላው መቀመጥ በማይችልባት ሱቅ ነው። ከጥገናው ጎን ለጎን ያረጁትን ገዝቼ እፈታለሁ፤ የሚሠራውን ክፍል ለመለዋወጫ አስቀራለሁ፣ ብረታ ብረቱን ምናለሽ ተራ አወርዳለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው በቧንቧው ውስጥ እየዞረ ፍሪጁን የሚያቀዘቅዘውን ጋዝ አየር ላይ ይለቅ ስለነበር እኔም ለቀቅኩ። ዘይቱን ቱቦ ውስጥ ይደፋ ስለነበር እኔም ደፋሁ። ሽቦ አቃጥዬ መዳብ አውጥቻለሁ፤ ጭሱ ልብሴ ላይ አድሮ ባለቤቴ ልብሴን ለብቻ ታጥብ ነበር። ይህን የምጽፈው በሙያው ላላችሁና ቤታችሁ የቆመ ፍሪጅ ወይም ማጠቢያ ለምትሸጡ ነው። እኔ ለማወቅ የፈጀብኝን ጊዜ እናንተ እንድትፈጁ አልፈልግም።

ዓይኔን የገለጠው በ2007 ዓ.ም. የደረሰብን አደጋ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ከአንድ አዲስ ከሚባል ፍሪጅ ላይ ሞተር ሊያወርድ ነበር። ዝናብ ስለነበር በሩን ገርበብ አድርገነዋል። ቧንቧውን ቆረጥን፣ ጋዙ ወጣ፤ እንደ ወትሮው ጥቂት ጠብቀን ልጁ ብየዳውን ለማስለቀቅ ጎንበስ ብሎ ቶርቹን ለኮሰ። መሬቱ ራሱ የነደደ መሰለኝ። ሰማያዊ እሳት ከወለሉ ተነስቶ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ቅንድቡና የፊት ጠጉሩ ሄደ፤ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ቆስሎ ሦስት ሳምንት ሥራ አልገባም። ማታ እሱን ክሊኒክ አድርሼ ስመለስ ሞተሩን በባትሪ አየሁት። በላዩ ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ መሃሉ የነበልባል ሥዕል፣ ከጎኑ አር 600ኤ የሚል ጽሑፍ ነበር። ቀኑን ሙሉ እጃችን ሥር ነበር፤ አላነበብነውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማንበብ ነው። የጋዙ ዓይነት ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀትና ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ከውስጥ ግድግዳው ባለው ሳህን ላይ ተጽፏል። ስንት ግራም እንደሚይዝም እዚያው አለ። እኛ ሰፈር የምታገኟቸው በአብዛኛው ሦስት ናቸው።

አር 12 ፍሪዮን የምንለው የድሮው ጋዝ ነው። ኦዞንን፣ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን ንጣፍ፣ ስለሚበላ በ1987 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ስምምነት ምርቱ እንዲቀነስ፣ ኋላም ጨርሶ እንዲቀር ተወሰነ፤ ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1994 እ.ኤ.አ. ተቀበለች፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ምርቱ በዓለም ዙሪያ ቆመ። ምርቱ ቆመ እንጂ ጋዙ አላለቀም፤ በየቤቱ ጓዳ፣ በየቆመው አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ ዛሬም ተቀምጧል። የእማማ ፍሪጅ አር 12 ነበር፤ ሳህኑ ላይ 160 ግራም ይላል። ይህ ጋዝ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይብሳል። የዚያን እሑድ ያ ሁሉ ፍሽታ ወደ 1,700 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ እንደ መልቀቅ ነው። ሞተሩ ስለተቃጠለ ጋዙ የለም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሞተር ሲቃጠል ጋዙ የትም አይሄድም፣ ቧንቧ እስካልተበሳ ድረስ እዚያው ታሽጎ ይቆያል።

ቀጥሎ የመጣው አር 134ኤ ኦዞንን አይነካም። በማሞቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 ጊዜ ይበልጣል፤ 150 ግራም ብትለቁ ከ200 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ መልቀቅ ይቆጠራል። ሦስተኛው አር 600ኤ፣ ረዳቴን ያቃጠለው፣ ከምግብ ማብሰያ ጋዝ ዘመድ ነው። ለአየር ንብረቱ ጉዳቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ አንድ ፍሪጅ የሚይዘውም በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ብቻ ነው። ነገር ግን ይነድዳል፣ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ እንደ ማብሰያው ጋዝ ሽታ የተጨመረበትም አይደለም። አፍንጫችሁን አትመኑት።

አሁን ጋዝ እንዴት እንደማወጣ ባለፈው ወር በገባልኝ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ልንገራችሁ። ባለቤቱ ከአይሱዙ ላይ አጋድሞ ስላመጣው መጀመሪያ አቁሜ አሳደርኩት፤ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ይመለስ ብዬ ነው። ጠዋት ሳህኑን አነበብኩ፤ አር 134ኤ፣ 140 ግራም። ከሞተሩ ጎን የምትወጣውን፣ ጫፏ ተቆንጥጦ የተበየደችውን የመሙያ ቧንቧ በአሸዋ ወረቀት አጸዳኋትና መብሻ ቫልቩን አሰርኩባት። ይህ ቫልቭ ቧንቧውን ሁለት በኩል አቅፎ ይይዝና በውስጡ ያለው መርፌ ሲጠብቅ ይበሳዋል፤ ጋዝ አያመልጥም። ከቫልቩ ቱቦ ወደ ማውጫ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ሲሊንደሩ። ሲሊንደሩን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ነው የምጀምረው። ሞተሩን በሞቀ ውኃ በተነከረ ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ፤ ዘይቱ ውስጥ የሟሟ ጋዝ ስላለ ካልሞቀ አይለቅም። የግፊት መለኪያው ጌጅ ከዜሮ በታች ወርዶ ሲቆም ማሽኑን አጥፍቼ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ የጌጁ መርፌ ተመልሶ ከወጣ ዘይቱ ገና ጋዝ ይዟል ማለት ነውና እደግመዋለሁ። የዚያን ቀን ሚዛኑ 115 ግራም ጨመረ። የቀረው በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ያመለጠ መሆን አለበት።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሲሊንደር ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም፤ ፈሳሹ ፀሐይ ሲነካው ይለጠጣል፣ ቦታ ካጣ ሲሊንደሩን ያፈነዳል። ደግሞም ጋዞችን አትቀላቅሉ፤ የተቀላቀለ ጋዝ ለማንም አይሆንም። እኔ ለአር 12 እና ለአር 134ኤ የየራሳቸው ሲሊንደር አለኝ፤ በቀለም ጽፌባቸዋለሁ። ንጹሕ ሆኖ የወጣውን አር 134ኤ በፊልተር አሳልፌ ለሌላ ፍሪጅ እሞላዋለሁ። ሞተሩ ተቃጥሎ ከነበረ፣ ዘይቱ ጠቁሮ የሚከረፋ ከሆነ ግን ውስጡ አሲድ አለ፤ ያንን ጋዝ ለሰው ፍሪጅ መልሶ መሙላት አዲሱን ሞተር መግደል ነው። ለብቻ ይቀመጥ።

ማውጫ ማሽኑ ውድ ነው፤ እኔም ብቻዬን አልገዛሁትም። ሦስት ጠጋኞች እቁብ ገብተን፣ የመጀመሪያው ዕጣ ለማሽኑ ይሁን ብለን ተስማምተን ገዛነው። በየተራ ነው የምንጠቀምበት። ማሽን እስክታገኙ ድረስ አር 12 ወይም አር 134ኤ ያለበት ፍሪጅ ቢመጣላችሁ አትክፈቱት። ቧንቧው እንዳይነካ አድርጋችሁ አቁሙትና ማሽን ያለው ሰው ፈልጉ። ጋዙ ታሽጎበት የቆመ ፍሪጅ አየሩን አይጎዳም።

አር 600ኤን የማወጣው ደጅ ነው። ነፋስ ባለበት፣ እሳትም ሲጋራም መኪናም በሌለበት ቦታ በረጅም ቀጭን ጎማ ቀስ አድርጌ እለቀዋለሁ። በአቅራቢያው የውኃ መውረጃ ቱቦ ወይም ጉድጓድ ካለ ጋዙ እዚያ ገብቶ ይተኛል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ሜዳ እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ቧንቧውን በእሳት አላስለቅቅም፣ በብረት መጋዝም አልቆርጥም። በእጅ በሚሽከረከር የቧንቧ መቁረጫ ነው የምቆርጠው። ለሌሎቹ ጋዞችም ይህ ልማድ ቢኖራችሁ ይጠቅማችኋል፤ አር 12 የቀረበት ቧንቧ ላይ ነበልባል ሲያርፍ የሚወጣው ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ መርዝ ነው። በወጣትነቴ ያንን ሽታ የሥራው ሽታ ይመስለኝ ነበር።

ዘይቱ ብዙ አይደለም፤ ከአንድ ሞተር የሚወጣው በአብዛኛው አንድ የሻይ ብርጭቆ ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ቧንቧዎቹ ከተቆረጡ በኋላ ሞተሩን ገልብጬ ከጀሪካን አፍ በላይ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ። ከመኪና ዘይት ጋር አልቀላቅለውም። ጀሪካኑ ሲሞላ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ነጋዴ ከምን እንደወጣ ነግሬ እሰጠዋለሁ። ሞተሩን ለመዳቡ ብላችሁ በግራይንደር ልትከፍቱ ከሆነ ዘይቱ ወጥቶ ቢያንስ አንድ ቀን ደጅ አፉ ተከፍቶ ይደር፤ የግራይንደር ብልጭታና በዘይት ውስጥ የቀረ አር 600ኤ አይስማሙም።

ከመክፈታችሁ በፊት ግን ሞተሩ ይሠራ እንደሆነ ሞክሩት። የሚሠራ ሞተር እንደ ብረት ከሚመዘነው እጅግ የተሻለ ያወጣል፤ ምናለሽ ተራ ውስጥ ለይተው የሚገዙ አሉ። የጎማ መንፊያና የቀለም መርጫ የሚያደርጉትም አሉ። የሞተውን ስትከፍቱት ደግሞ ጥቅልሉ ሁልጊዜ መዳብ አይደለም። በአዳዲሶቹ ብዙ ሞተሮች ውስጥ ጥቅልሉ አሉሚኒየም ሆኖ በመዳብማ ቀለም ቫርኒሽ የተሸፈነ ነው። በቢላ ጫፍ ትንሽ ፋቁት፤ ከሥሩ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ይህን ሳላውቅ ሁለት ማዳበሪያ ጥቅልል በመዳብ ዋጋ ተስማምቼ ነጋዴው ፊት አፍሬ ተመልሻለሁ።

ብዙ ሰው ስለ ፎሙ ሲጠይቀኝ የምመልሰው መልስ ይገርመዋል። በድሮ ፍሪጅ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቢጫ ፎም የተነፋው አር 11 በሚባል የአር 12 ወንድም በሆነ ጋዝ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ በቧንቧው ውስጥ ከሚዞረው ይበልጣል። ፎሙ ሲሰበር፣ ሲፈጭ፣ ሲቃጠል ይወጣል። ፍራንክፈርት የምትኖር እህቴ አዲስ ፍሪጅ ስትገዛ ያመጡላት ሠራተኞች አሮጌውን ያለ ክፍያ ይዘውላት ሄዱ፤ በአውሮፓ ሻጩ አሮጌውን እንዲቀበል ሕጉ ያስገድደዋል። ከዚያ ፍሪጁ ሁለት ደረጃ ባለው ፋብሪካ ያልፋል። በመጀመሪያው ጋዝና ዘይቱ ይወጣል፤ በሁለተኛው ሳጥኑ በታሸገ ክፍል ውስጥ ተፈጭቶ ከፎሙ የሚወጣው ጋዝ ይያዛል፣ ብረቱ በማግኔት፣ ፕላስቲኩና አሉሚኒየሙ ለየብቻ ይለያያሉ።

እኛ ጋ ሳጥኑ ለላሜራው ሲባል በመጥረቢያ ይከፈታል፤ ፎሙ ወይ ወንዝ ዳር ይጣላል፣ ወይ ቆሼ ይሄዳል፣ ወይ ላሜራው ላይ እንደተጣበቀ ይቃጠላል። ስለዚህ የእኔ መፍትሔ ሳጥኑን አለመክፈት ነው። ጋዝና ሞተሩ የወጣለትን ሳጥን ሙሉውን እሸጠዋለሁ፤ ገዢም አላጣሁም። ሙቀት የሚይዝ ሳጥን ነውና ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ለእንቁላል ማስፈልፈያ ይወስዱታል፤ አምፖልና ተርሞስታት ይገጥሙለታል። ተኝቶ የሚከፈተውን ፍሪዘር ለስላሳና ውኃ የሚሸጡ በበረዶ ሞልተው ይጠቀሙበታል። ሳጥን ሆኖ የቆየ ፎም ጋዙን በአብዛኛው ይዞ ይቆያል። እዚህ አገር እስከ ዛሬ ያገኘሁለት የተሻለ ቦታ ይህ ነው።

ሳጥኑ ለምንም ይሁን፣ በሩ ወይ ይነቀል፣ ወይ የመዝጊያው ማግኔት ጎማ ይውጣ። አንድ ክረምት የልጄ ጓደኛ ድብብቆሽ ሲጫወት ሱቄ ጀርባ ባለ ፍሪዘር ውስጥ ተደብቆ ክዳኑ ከውስጥ እንቢ አለው። የሰማሁት በአጋጣሚ ነው፤ ኃይለኛ ዝናብ ቆሞ ስለነበር ብቻ ነው የተሰማኝ። ስከፍተው ልጁ በላብ ርሶ ድምፁ አልቆ ነበር። አሜሪካኖች ከውስጥ የማይከፈት ፍሪጅ እንዳይሸጥ በ1956 እ.ኤ.አ. ሕግ ያወጡት ልጆች ሞተውባቸው ነው። ዛሬ ወደ ሱቄ የሚገባ ማንኛውም የሞተ ፍሪጅ፣ ከጋዙም በፊት፣ በሩ ይወርዳል። እናንተም ቤት ያለውን ሽሮ ማስቀመጫ ካደረጋችሁት ዛሬውኑ ጎማውን አውጡለት። ጎማው ደግሞ ካልተቀደደ ለሌላ ፍሪጅ ይሆናል፤ አትጣሉት።

አልፎ አልፎ በጣም አሮጌ ፍሪዘር ክዳን ላይ፣ መብራቷ ጋ፣ ውስጧ የሚንቀሳቀስ ብርማ ፈሳሽ ያለባት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ታገኛላችሁ። ሜርኩሪ ነው። ሳትሰብሩ አውጥታችሁ ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ አኑሯት፤ ልጅ እንዲጫወትባት አትስጡ።

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከፍሪጅ ይቀላል፤ ጋዝ የለውም። ግን ከባድ ነው፤ ወገብ የሚሰብረውም ውስጡ ያለው የኮንክሪት ድንጋይ ነው። ማሽኑ ሲሽከረከር እንዳይዘል ተብሎ የታሰረ ነው። ማሽኑን ከማጋደማችሁ በፊት የላይኛውን ክዳን ከፍታችሁ መጀመሪያ እሱን ፍቱ፤ ከዚያ አንድ ሰው ይሸከመዋል። ከታች ያለችውን የቆሻሻ ማጣሪያ ስትከፍቱ የሚሸት ውኃ ይወጣል፣ ሳፋ አዘጋጁ፤ ሳንቲምና ቁልፍም ይገኛል። ኮንክሪቶቹን ሰብስቤ ለእድራችን ሰጠሁ። ቀዳዳ ስላላቸው በገመድ ታስረው ድንኳን በነፋስ እንዳይነሳ ይይዛሉ፤ ለቅሶ ቤት ሄጄ ሳያቸው ደስ ይለኛል።

ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ሲሊንደር መሳይ ካፓሲተር ማሽኑ ከተነቀለ በኋላም መብራት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱን ጫፎች በባዶ እጅ አትንኩ፤ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ካቻቢቴ ላይ አምፖል አስሬ ነው የማሟጥጠው። በጣም አሮጌዎቹ ውስጥ ያለው ዘይት መርዛማ ሊሆን ስለሚችል አልሰብራቸውም።

ስለ ከበሮው አንድ ነገር ላስተምራችሁ፣ ገንዘብ ነውና። የማጠቢያው ከበሮ የማይዝግ ብረት ነው። ብዙዎቹ ግን ማግኔት ይይዛቸዋል፤ ነጋዴ ማግኔት አስጠግቶ «ይኸው፣ ተራ ብረት ነው» ብሎ በተራ ብረት ዋጋ ሊወስድባችሁ ይችላል። ማግኔት የያዘው የማይዝግ ብረት ዋጋው ከሌላው የማይዝግ ብረት ዝቅ ቢልም ከተራ ላሜራ ጋር አይመዘንም። ዓመታት ውኃና ሳሙና ውስጥ ኖሮ ያልዛገ ነገር ምስክሩ ራሱ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድንም ልጨምር፤ የእኛ ቤት ትልቁ የመብራት ዕቃ እሱ ነው። ምጣዱ ሲሰነጠቅ ብዙ ሰው ሙሉውን ይጥላል። የሸክላው ጀርባ ላይ በቦዩ ውስጥ በጀሶ የተቀበረው ሽቦ ካልተበጠሰ በአዲስ ሸክላ ላይ መልሶ ይሠራል፤ ጀሶውን በውኃ አርሳችሁ በቀስታ ፈልፍሉት፣ በመዶሻ አትምቱት። አክንባሎው አሉሚኒየም ነው፣ እግሩና ዙሪያው ላሜራ። ገመዱ ደግሞ ወፍራም መዳብ ስለሆነ ለብቻ ይሸጣል።

ገመድ ሲነሳ፣ እባካችሁ አታቃጥሉ። የፕላስቲኩ ጭስ ሳንባ ውስጥ የሚገባ መርዝ ነው፤ በሰፈር ውስጥ ሲነድ ጎረቤት ሕፃን ጭምር ይተነፍሰዋል። ገንዘቡም አያዋጣም፤ የተቃጠለ መዳብ ጠቁሮና ተሰባብሮ ስለሚመጣ እኔ የምሸጥለት ነጋዴ ከተላጠው ዝቅ አድርጎ ነው የሚገዛው። ሞርሳ ላይ ስለት አስሬ ገመዱን የምስብበት ቀላል መላጫ ሠርቻለሁ፤ ወፍራሙ ገመድ እንደ ሸንኮራ ይላጣል። ቀጭኑን ሳልልጥ ከነፕላስቲኩ እሸጠዋለሁ፤ ዋጋው ያንሳል፣ ግን የማንም ሳንባ አይከፍልበትም።

የተለየውን ብረት ለማን ብትሸጡ እንደሚሻል የሚጠይቁኝ አሉ። ላሜራና ብረቱ በደላሎች በኩል እየተሰበሰበ ወደ ብረት ማቅለጫዎች ይሄድና ፌሮ ሆኖ ይመለሳል፤ አሉሚኒየሙ ቀልጦ ድስት ይሆናል። ሁሉንም ቀላቅላችሁ በአንድ ማዳበሪያ ከሸጣችሁ በርካሹ ዋጋ ነው የሚመዘነው። በአምስት ለዩት፤ መዳብ፣ ነሐስ፣ አሉሚኒየም፣ የማይዝግ ብረትና ተራ ብረት። ሕጉም አለ፤ የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 716 እና በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425። ወደ ትልቅ ድርጅት ለፍሪጆች ሥራ ሲጠሩኝ እነዚህን እጠቅስና በዚያው የጋዝ ማውጫ ዋጋ እጠይቃለሁ። ይከፍላሉ።

በቤታችሁ ለምትሸጡት ደግሞ፣ ቆራሌውን አታባርሩት። ያ ልጅ ባይኖር ኖሮ ብረቱ ሁሉ ወንዝ ውስጥ ነበር። ግን ፍሪጁን ግቢያችን ውስጥ አትበትነው ብላችሁ ተዋዋሉት፤ ሙሉውን ይውሰድ፣ ወይም ሰፈራችሁ ያለ ጠጋኝ መጥቶ ጋዙን ያውጣና ከዚያ ይፍታው። ጥቂት ብር ቢቀንስባችሁም ተቀበሉት፤ የእማማ ግቢ ላይ የተደፋው ዘይት ያረፈበት ቦታ እስከ ዛሬ ሣር አላበቀለም።

የእማማን ፍሪጅ የፈታው ልጅ ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ ሰፈራችን መጣ። አንድ ቀን ጠርቼው ሻይ አጠጣሁትና ሳህኑ የት እንዳለ፣ ጽሑፉ ምን እንደሚል አሳየሁት። «ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» አለኝ። ሙሉውን ካመጣህልኝ ከሞተሩ ዋጋ በላይ እሰጥሃለሁ አልኩት፤ ሳጥኑንም ጋዙንም እሸጠዋለሁና ለእኔም ያዋጣኛል። መጀመሪያ አላመነኝም። አሁን በጋሪ ነው የሚያመጣልኝ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ትንሽ ፍሪጅ ይዞ መጣና ገና በሩ ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ባለ ነበልባሉ ነው፣ ቶርቹን አጥፉት» ብሎ ጮኸ። እጁ ተቃጥሎ የነበረው ረዳቴ ከሁላችንም ቀድሞ ተነስቶ ቫልቩን ዘጋው።